ይድረስ ለእትዬ፦ የዳቦ ቆሎው ጉዳይ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እትዬ፤ ከስቶክሆልም።

እኔ ከናፍቆትዎና ከብርዱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

አገሩ ምን ይመስላል ላሉኝ፦ የስዊድን ሰው ሥራውን አቁሞ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት አለው፤ ፊካ ይሉታል። ዕጣንና ቄጤማ የለውም እንጂ የቡና ቁርሱ አይጎድልም። ድሮ እንግዳ የጠራች ሴት ሰባት ዓይነት ኩኪስ ማቅረብ ነበረባት፤ ካነሰ ቆንቋና፣ ከበለጠ ጉረኛ ትባል ነበር አሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1945 «ሰባት ዓይነት ኩኪስ» የሚል የመጋገሪያ መጽሐፍ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ደረቁን ቂጣቸውን ደግሞ መሀሉን ቀደው፣ በእንጨት ሰክተው ጣሪያ ሥር ይሰቅሉት ነበር። እንዲህ ያለ ቆርጣሚ ሕዝብ ዳቦ ቆሎ ሳይቀምስ መቅረት የለበትም ብዬ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ማታ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ዱቄቱ ላይ በርበሬ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳርና ዘይት ጨምሬ፣ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግሁ ጠንከር አድርጌ አሸሁት። በቀጫጭኑ አንከባልዬ በመቀስ ሽምብራ ሽምብራ አሳክዬ ከረከምኩት። ምጣድ ስለሌለኝ ኦቨን ውስጥ በ175 ዲግሪ አስገብቼ፣ እያገላበጥኩ አደረቅሁት። እሳቱ ከበረታ ላዩ ጠቁሮ ልቡ ሊጥ ይሆናል፤ በትኩሱ ከከደኑት ደግሞ በገዛ እንፋሎቱ ይለዝባል። ስለዚህ ትሪ ላይ ተዘርግቶ አደረ። እኔም እንዳይሰረቅ ስጠብቅ፣ ሌባውም እኔው ሆንኩ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። ባልደረቦቼ በሁለት ጣት አንድ አንድ ፍሬ አነሡ፤ አንድ! እንደ ኪኒን አፋቸው ጣል አድርገው፣ አመስግነው ተቀመጡ። «ኧረ ዝገኑ!» ብዬ ዘግኜ አሳየኋቸው። አንዷ ወተትና እንቁላል እንዳለበት ጠየቀችኝ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ጾመው ፋሲካ የማይፈስኩ ሰዎች አሉ፤ ቬጋን ይባላሉ። የጾም ነው ስላት እፍኟን ሞላች። በርበሬው ዘግይቶ ሲደርስባቸው ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ውሃ ተጎንጭተው ግን ተመለሱበት።

በመጨረሻ ሳህኑ ላይ አንዲት ፍሬ ቀረች። እዚህ የመጨረሻዋን ማንሣት ነውር ነው፤ ኬክ ከሆነ ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ እየቆረሱ ያቆዩታል። አንዱ ያችን ፍሬ በቢላ ሊገምሳት ሲታገል ተፈናጥራ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ሁሉም ተገላገለ።

ፍርዴን ልንገርዎ፦ ኩኪስ በቁጥር ይበላል፣ ዳቦ ቆሎ በእፍኝ። ቆጥሮ የሚበላ ሰው ጣዕሙን ገና አላገኘውም።

አሁን «ድገመን» እያሉኝ ነው፤ በርበሬዬ ደግሞ አልቋል። የሚመጣ ሰው ካገኙ አንድ ኪሎ ይላኩልኝ፤ አደራ፣ ለስለስ ያለውን። የእርስዎን የራስዎን በርበሬ ይህ አገር አይችለውም።

ታናሽ ወንድምዎ