ጅቡ ያልነካው አጥር

ተረት ተረት። የላም በረት።

በአንድ ተራራ ግርጌ እንስሳት በአንድነት የሚኖሩበት አገር ነበረ። በአገሩ መሐል ትልቅ ጎተራ፣ በጎተራው ውስጥ ደግሞ አንድ መዝገብ ነበረ። ፍየል ግልገሎቿን የምትደብቅበት ዋሻ፣ ቆቅ እንቁላሏን የምትጥልበት ሣር፣ ጥንቸል የምታድርበት ጉድጓድ ሁሉ በዚያ መዝገብ ሰፍሯል። ድርቅ ሲመጣ እህል የሚታደለው በእሱ ነውና ያለ መዝገቡ መኖር አይቻልም፤ ክፉ እጅ ላይ ከወደቀ ደግሞ ማንም በሰላም አያድርም።

አገሩ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤትም ነበረው። በአንደኛው ክፍል መምህር ጃርት ጥበቃ ያስተምራል፦ ስለ አጥር፣ ስለ ቁልፍ፣ በየማታው ስለሚለወጠው የይለፍ ቃል። «ሌባው አጥራችሁ እንዴት እንደተሠራ ያውቃል ብላችሁ ሥሩ» ይላል ዘወትር። «እሾኩ ከየትኛው ግራር እንደተቆረጠ ይወቅ፤ ጉዳት የለውም። መደበቅ ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው።» ቃሉ የጃርት ፈጠራ አይደለም። ሆላንድ የተወለደው ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ጦር ሠራዊት ምስጢራዊ ጽሕፈት ሲጽፍ ያስቀመጠው ሐሳብ ነው፤ ዛሬም የመረጃ ደኅንነት የሚያጠና ተማሪ ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በሁለተኛው ክፍል እመት ጦጢት ቴአትር ታስተምራለች። እዚያ የሚማሩት የሌላውን ቆዳ መልበስ ነው። በቅሎ በአህያ ሸክም ሥር ትገባለች፤ ድመት በአይጥ ልብ ትደነግጣለች። የትምህርቱ ሁሉ መነሻ «እኔ እሱን ብሆንስ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ናት። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የጥበብ ቴአትር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪም ተዋንያኑን ያሠለጠነው በዚህችው «ብሆንስ» ነበር።

አንድ ዓመት፣ አዝመራ እንደገባ፣ የጦጢት ተማሪዎች አንበሳ ሲያንኮራፋ ጎተራው በአይጥ ሲራቆት የሚያሳይ ተውኔት አቀረቡ። ሕዝቡ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። አንበሳን ያስቆጣው ዝምታው ነው። ይህን ስናገር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ትዝ ይሉኛል። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ሲያሳዩ፣ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ለመኳንንቱ ገባቸው፤ ተውኔቱም ታገደ። ዘመናዊ ቴአትራችን በእንስሳት አፍ መናገር ሲጀምር በዚያው አፉ መያዙን ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በተረቱ አገርም በጦጢት ተውኔት ምክንያት ሸንጎ ተቀመጠ። ዝንጀሮ ተነሥቶ «ከትምህርት ቤቱ 100 ወንበር 70ው ለጥበቃ ይሁን» አለ። አንበሳ የቀረውንም 30 ወሰደና የቴአትሩን ክፍል አዘጋ። በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብ እንዲመደብ የሚያዝ ፖሊሲ ይሠራ ነበር። አገር መሐንዲስ እንደሚያስፈልጋት አልክድም። የሰውን ልብ የሚያነብስ ከየት ይምጣ?

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ከሩቅ ያያል። ወደ አጥሩ ግን አልቀረበም። ሦስት ሌሊት ወንዝ ዳር ተኝቶ አደመጠ። የአንበሳ ደቦል መታመሙን ሰማ። በር ጠባቂው ውሻ እናቱን በቅርቡ መቅበሩን ሰማ። የአንበሳ መልእክተኛ ንግግሩን «ጌታዬ ብለዋል» ብሎ እንደሚጀምር ሰማ። በአራተኛው ሌሊት ዝናብ ሲወርድ መጣና በሩን በቀስታ አንኳኳ።

«ጌታዬ ብለዋል። ደቦሉ በሞት አፋፍ ላይ ነው። የመድኃኒተኛዋ ቤት ከመዝገቡ ታይቶ ቶሎ ትምጣልኝ ብለዋል።»

«የይለፍ ቃሉስ?» አለ ውሻ።

«ወንድሜ፣ ስሮጥ ጠፋብኝ። የደቦሉ እናት መሬት ላይ ተንከባላ ታለቅሳለች።» ድምፁ ታነቀ። «አንተ እናት አልነበረህም?»

ውሻ ከፈተ።

ሲነጋ ከፍየል ግልገሎች አንድም አልተረፈም። ጃርት አጥሩን ዞሮ መረመረ፤ አንዲት እሾህ አልተነቀለችም። ቁልፉም ደህና ነው። «አጥሬ አልተነካም» አለና ወዲያው በገዛ ቃሉ አፈረ።

ሕዝቡ ውሻን ሊገድል ተነሣ፤ ከሁሉ በላይ የምትጮኸው ፍየል ነበረች። ጦጢት መሐል ገባች። «እባካችሁ፣ ከመምታታችሁ በፊት ሌሊቱን አንዴ እንየው።»

እሷ ጅብ ሆነች፤ ውሻ ራሱን ሆነ። የአንበሳን ስም ስትጠራ የውሻ ጅራት ዝቅ አለ። «ቶሎ» ስትል እግሩ ወደ በሩ ተራመደ። ድምፅዋ ሲታነቅ እጁ መዝጊያው ላይ ነበር። ሁሉም አየው። ከዚያ ቦታ አስለወጠቻቸው፤ ውሻ ጅብ ሆነ፣ ፍየል በር ጠባቂ። ፍየል በንቀት ቆመች። ውሻም እያለቀሰ «አንቺ እናት አልነበረሽም?» አላት፤ እጇ ወደ መዝጊያው ሄደ። እጇን አየችው። መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ ጃርት ተማሪዎቹን አስከትሎ የተዘጋውን ክፍል አስከፈተ። አንበሳም አልከለከለም፤ የፍየልን ለቅሶ ሰምቷል። ጃርትና ጦጢት አንድ ላይ ተቀምጠው አዲስ ሥርዓት አወጡ፦ ማንም በማንም ስም ቢመጣ በሩ አይከፈት፤ ጠባቂው የራሱን መልእክተኛ፣ ራሱ በሚያውቀው መንገድ ልኮ ስሙ የተጠራውን ይጠይቅ። ዛሬ በስልክ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የደረሰዎትን የምስጢር ቁጥር ይንገሩኝ» ለሚል ድምፅም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ስልኩን ዘግቶ ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ወደ ባንኩ መደወል። ሥርዓት መጻፍ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሞ በሥርዓቱ መጽናት ነውና ጠባቂዎቹ በየወሩ ጦጢት ክፍል እየገቡ ተለማመዱት፤ አንዴ ተለማኝ፣ አንዴ ለማኝ፣ አንዴ ቁጡ ጌታ እየሆኑ።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ አንድ ሌሊት፣ አያ አንበሳ ራሱ በዝናብ መጣ። የይለፍ ቃሉን ረስቷል።

«እኔ ነኝ። ክፈት።»

ውሻ ድምፁን ለየው። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቁራን ወደ ቤትዎ ልኬዋለሁ፤ እስኪመለስ ይታገሡኝ።»

«ማን እንደሆንሁ አታውቅም?»

«ያን ሌሊትም ያወቅሁ መስሎኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ውሃው በጋማው እየወረደ፣ አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ ሆነው፣ ቁራን ጠበቁ።