እጄን ተዉት፣ ሞላውን እዩት

ሰው ካረጀ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ጥፋት የእሱ ይሆናል። በሩ አልከፈት ካለ «ጉልበትዎ ደክሞ ነው»፣ ቴሌቪዥኑ ካልተሰማ «ጆሮዎ ነው»። የሞተሬ ነዳጅ መስጫ አልዞር ሲለኝ ደግሞ የሚላኖ ሐበሻ አንድ ሆኖ በእጄ ላይ ፈረደ። ባለቤቴ ቅባት ገዛች። ሐኪሙ «የአንጓዎ ነርቭ ተጨቁኗል» ብሎ የላስቲክ ኳስ ሰጠኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ስጨምቅ እንድውል። የእህቴ ልጅማ ጭራሽ፣ «ጋሼ፣ አሁን እኮ በትንሽ ጣት የሚነዳ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፤ ለምን አይገዙም?» አለኝ። በትንሽ ጣት የሚነዳ ነገር ምኑ ሞተር ይባላል!

የእኔዋ ሞቶ ጉትሲ ናት፤ ሌ ማን 850፣ ኮሞ ሐይቅ ዳር ማንዴሎ ዴል ላሪዮ የተሠራች። እ.ኤ.አ. በ1975 ሚላኖ ላይ ለትርኢት ቀርባ በ1976 ማምረት ተጀመረ። 844 ሲሲ፣ ግራና ቀኝ የወጡ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ሊኖ ቶንቲ የነደፈው ሻንሲ። ስትነሳ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ይከፈታል፣ ከዚያም ስድብ ይመጣል።

በብዙ የዘንድሮ ሞተር እጅ የሚጎትተው ነገር የለም። መጨበጫው ምን ያህል እንደዞረ ለኮምፒዩተር ይነገረዋል፣ ኮምፒዩተሩ የአየሩን በር ይከፍታል። በእኔና በእሷ መካከል ግን ገላጋይ ሽማግሌ የለም። ስጠመዝዝ ሁለት ካቦ ይጎተታል፤ እያንዳንዱም በዴሎርቶ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ተንሸራታች በር ወደ ላይ ያነሳል። ከላይ ሞላ ይጫነዋል። ሞተሩ አየር ሲስብ ደግሞ በሩን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሞላው የጠነከረውም ያንን አሸንፎ እንዲዘጋው ነው። አልበቃ ብሎ በሩ ሲነሳ የቤንዚን ፓምፕ ይገፋል። እንግዲህ ደምሩት፤ ሁለት ሞላ፣ ሁለት ካቦ፣ ሁለት ፓምፕ፣ በአንድ የሽማግሌ አንጓ። ይህን ሁሉ ይዞ አውቶስትራዳ ላይ አንድ ሰዓት መንዳት ኳስ ከመጭመቅ በምን ያንሳል?

እሺ፣ ተፈጥሮዋ ከባድ ነው። ግን እንዲህም አልነበረችም። የቤንዚን ታንኩን ባነሳሁት ጊዜ ነው ጉዱ የወጣው። በፊት ያየልኝ መካኒክ (ስሙን አልጠራም፣ ይማረው) ካቦዎቹን ከመሪው አንገት ሥር ከኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ አስሯቸዋል። ካቦ ደግሞ በጠባቡ ከታጠፈ ውስጡ ይፋተጋል። ይባስ ብሎ ውስጡ ናይለን ስለሆነ ቅባት የማይፈልገውን ካቦ ዘይት አጠጥቶታል፤ ዘይቱም አቧራ እየጠራ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። እኔ ኳስ እጨምቃለሁ!

ጥፋተኛውን ለማወቅ መነጣጠል ነው። ካቦዎቹን ከካርቡሬተሮቹ ፈትቼ መጨበጫውን ለብቻው ባዞረው ያንገራግራል፤ ከሥሩ መሪው ዝጓል። ዝገቱን ጠርጌ ስስ ግራሶ ቀባሁት፣ የመሪውን ጫፍ የሚታከከውን ጎማም ፈቀቅ አደረግሁት። አንደኛውን ካቦ በሁለት ጣቴ መሃል ሳስኬደው የተበጠሰች ክር አውራ ጣቴን ወጋችኝ፤ ደም። ሁለቱንም በአዲስ ቀየርኩ፣ ሰፋ ባለ መታጠፊያ አሳልፌ።

ለስለስ ያለ ሞላም ይሸጣል፣ በጥንድ። እዚህ ላይ የወጣቶቹን ችኮላ አልወድም። በሮቹ ቆሽሸው ሳለ ሞላ ማላላት ሞትን በስም መጥራት ነው፤ የከፈትከው በር አልዘጋ ካለ መታጠፊያው ላይ ማን ያቆምሃል? በሮቹን ከነማደሪያቸው አጥቤ ነው የገጠምኩት። ከፍቼ ስለቀው ጠቅ ብሎ እስኪዘጋ፣ መሪውም ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ ዞሮ እንደዚያው እስኪሆን ድረስ ከግቢ አላወጣኋትም። እሷ ቆማ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ መሪው ሲዞር ድምፁ ከጨመረ፣ ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው። ካርቡሬተሮቹን እኩል ማድረጉን ሳልናገረው ይቅር፤ ግማሽ ቀን ይበላል።

የእህቴ ልጅ፣ መጨበጫው ውስጥ ካቦውን የሚጠቀልለውን ቁራጭ ትልቅ እንዳደርገው መክሮኝ ነበር፤ ትንሽ ሲዞር ሙሉ ይከፈታል ብሎ። ይከፈታል፤ ዋጋውን ግን በክብደት ያስከፍላል። እኔ ለማን እሽቅድምድም ነው? ትንሹን አስገባሁ፤ አንጓዬ ትንሽ ረዘም አድርጎ ይዙር እንጂ አይታገል።

አሁን ቀልላለች። ባለቤቴ ለማኅበርተኞቿ ቅባቱ እንዳዳነኝ አውርታ ጨርሳለች፣ ሐኪሙም ኳሱ ነው ብሎ መዝግቧል። የእህቴ ልጅ ደግሞ እሑድ መጥቶ መጨበጫውን ዞር ዞር አደረገና፣ «ጋሼ፣ እስከ ሌኮ ደርሼባት ልመለስ?» አለኝ። አሮጌዎቹን ሞላዎች በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬያቸዋለሁ። እሱ የሚነዳት ቀን መልሼ እገጥማቸዋለሁ።