የደባርቅ ደመወዝ ቦርድ

የማንችስተር ዩናይትድ ደመወዝ ማንችስተር ላይ የሚወሰን የሚመስለው ካለ እሑድ ማምሻውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ወጥቶ ደባርቅ ይግባ። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የመግቢያውን ከፍሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ላይ የተጣበበው ሁሉ የቦርድ አባል ነው። ቃለ ጉባኤ አይያዝም እንጂ የውሳኔ እጥረት የለም።

ቦርዱ ረዘም ላለ ጊዜ የመከረበት ሰው ካዜሚሮ ነው። ብራዚላዊው የተከላካይ አማካይ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከሪያል ማድሪድ ሲመጣ አምስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አንስቶ ነበር። በዚያው የውድድር ዓመት በካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ ኒውካስል ላይ ጎል ሲያገባ ስለ ደመወዙ ትንፍሽ ያለ አልነበረም።

ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ተከላካይ ያለቀባቸው የወቅቱ አሠልጣኝ ኤሪክ ቴን ሃግ መሀል ተከላካይ አድርገው አሰለፉት፤ ክሪስታል ፓላስ 4 ለ 0 አሸነፈ። ዶሮ ወጥ የጠገበ ዳኛ ርኅራኄ የለውም። የቀድሞው የሊቨርፑል ተከላካይ ጄሚ ካራገር በቴሌቪዥን «ከትልቁ መድረክ ይሰናበት» የሚል አስተያየት ሲሰጥ ደባርቅ ማኅተሟን አሳረፈችበት።

ነሐሴ 26 ደግሞ ሊቨርፑል ዩናይትድን 3 ለ 0 ሲረታ ሁለቱ ጎሎች የመጡት እሱ ካስነጠቃቸው ኳሶች ነበር። ከእረፍት አልተመለሰም።

«በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ እየበላ ኳስ ይነጠቃል?»

«እንሽጠው ብያችሁ ነበር እኮ!»

350 ሺህ የተባለውን የጻፉት የእንግሊዝ ጋዜጦች ናቸው፤ ወደ ብር የመነዘረው ግን ቦርዱ ነው። እዚህ ላይ ሰውየው በእርግጥ በደለኛ ነው። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ አንድ ኳስ እንኳ ሳያስጥል፣ በደባርቅ ሒሳብ ሳምንታዊ ደመወዙ ከ30 ሚሊዮን ብር በታች ከነበረበት ከ40 ሚሊዮን በላይ ዘለለ። ጤፍ የሚሸምት ሰው ይህን እንዴት ይቅር ይበል!

ከዚያ የ2017ቱ ጸሎተ ሐሙስ መጣ። ዩናይትድ ሊዮንን 5 ለ 4 ባሸነፈበት ጭማሪ ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ያስገኘው፣ ለኮቢ ማይኑና ለሃሪ ማጓየር ጎሎች ኳስ ያቀበለው ያው ጡረተኛ ነበር። ስቅለት ሳይብት የካዜሚሮ ትንሣኤ ታወጀ፤ ሲያሰናብቱት የከረሙት ሁሉ «እኔ መቼ አልኩ?» አሉ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ የፋይናንስ ትጋት እያለ አገር ቤት ለምን ይባክናል? ፋሲል ከነማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጎንደር ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቷል። የአገራችን አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት፣ ማለትም በደጋፊው ኪስ ነው። ነሐሴ 2011 የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ያ ጣሪያ ምን ደረሰ፣ ማን አከበረው፣ ማን በጓሮ በር ዞረው? አግዳሚው ላይ ጸጥታ ነው። የማንችስተርን ሒሳብ በሳንቲም የሚያውቀው ቦርድ የጎንደሩን «የባለሙያ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ከነሱ ኪስ ሰባራ ሳንቲም ያልወሰደውን ብራዚላዊ የቦርዱ አባላት ይተዉት። የሚቀጥለውን ስብሰባ የራሳቸውን ክለብ የወጪ ሰነድ በመጠየቅ ይክፈቱ፤ ድምፁ እንደሁ አላቸው።