የእሳት እራት ጋባዡ አናቢ

ጎረቤታችን ሰኔ ላይ የዘመናዊ ቀፎውን ማር በማሽን አውጥቶ ሸጠ። ባዶዎቹን ፍሬሞች ከነሰም እንጀራቸው በጆንያ ጠቅልሎ ጎተራው ሥር ሸጎጠ፤ ክረምቱንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ከረመ። መስከረም ላይ ጆንያውን ሲፈታ ክው አለ። አንዱን ፍሬም አንጠልጥሎ ጠጅ ቤት ገባ። አወይ መዘንጋት! ጠጅ ጣይዋ እትዬ የአናቢ ልጅ መሆናቸውን ረስቷል።

«እትዬ፣ ጉዴን ይዩልኝ!»

«ድር ነው። ወደ ሸማኔ ውሰደው፤ እዚህ የሚሸጠው ጠጅ ነው።»

«የእሳት እራት በላችብኝ እኮ!»

«እሷ የእሳት እራት፣ ሰምህ የእሷ እራት። ምን አጠፋች?»

«እንዳትነካው ብዬ ነበር ጠቅልዬ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጥኩት።»

«ጨለማና ሙቀትማ ጫጉላ ቤቷ ነው። ብርሃንና ነፋስ ነው የምትሸሸው። ዝናብ በማያገኘው ቦታ አራርቀህ ብትሰቅለው ምን ነበረበት? ሚስማር ጠፋ?»

«ባዶ እንጀራ ነው ብዬ እኮ ነው…»

«ባዶውስ ኪስህ ነው፤ ኅዳር ላይ ታየዋለህ።»

እዚህ ላይ ከእትዬ ጎን ልቁም። ንቦች 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይፈጃሉ ይላሉ ባለሙያዎች። የሌሎች አናቢዎች ንቦች ከአደይ አበባ እየቀሰሙ ማር ሲሞሉ፣ የእሱዎቹ ግንበኛ ሆነው ሊከርሙ ነው። ደግሞ የእሳት እራቷ ትል በባዶ ሰም ብቻ አይፋፋም፤ የሚወደው የንብ እጭ ያደገበትንና የአበባ ዱቄት የቀረበትን ጥቁር፣ አሮጌ እንጀራ ነው። ሰውየው ነጩንና ጥቁሩን ሳይለይ አንድ ጆንያ ውስጥ አጎረው። ማዕድ አቀረበላት ማለት ነው።

«የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ንብ ያረባል። ፍሬሞቹን ጋራዥ ውስጥ ትቶ ይከርማል፤ ምንም አይሆኑበትም።»

«የእሱ ክረምት ዘበኛ ነዋ! እንቁላሉንም ትሉንም በብርድ አድርቆ ይጥልለታል። ያንተ ክረምት ጃንጥላ እንጂ ምን ያስይዛል?»

«ፍሪዘር ልግዛ ታዲያ?»

«መብራት በሄደ ቁጥር ትሉን ልታሞቀው? ሥጋ ቤቱን ለምነህ አንድ ሌሊት ብታሳድረው ይበቃህ ነበር።»

«ስጠቀልለው ድኝም አጭሼበት ነበር እኮ!»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ።»

«ጭሱ ትሉን ገደለ፣ እንቁላሉን ተወው። በሁለት ሳምንቱ መድገም ሲገባህ የእሳት እራቷን የሙት ልጆች አሳደግህላት። ደግ ሰው ነህ።»

«ለከርሞ ናፍታሊን እጨምርበታለሁ።»

«ሰም ሽታ አይለቅም። የልብስ ሳጥን የሚሸት ማር አምጥተህ ጠጄን ልትገድልብኝ? ያን ቀን እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

ሰውየው ፍሬሙን አገላብጦ አየው። ትሎቹ ድር ማድራታቸው ሳያንስ እንጨቱንም ቦርቡረውታል።

«ታዲያ ይህን ምን ላድርገው?»

«ድሩን ጠርገህ እንጨቱን በእሳት ለብልበው። የተረፈ ጥቁር እንጀራ ካለህ አቅልጠህ ሰሙን ለጧፍ ሠሪ ሽጠው።»

«እሺ… ለጊዜው አንድ ብርሌ በዱቤ ይቅዱልኝ። ኅዳር ላይ በማር እከፍላለሁ።»

«በማር? ንቦችህ ግንባታ ላይ አይደሉም እንዴ? ቤታቸውን ሲያስመርቁ ና፤ ያኔ እቀዳልሃለሁ።»