ተማሪን መማር ማስጠያ፦ ለትጉህ መምህር የተዘጋጀ ምክር

መምህር ሆይ፣ ክፍልዎ ውስጥ መማር የሚወድ ልጅ አለ? አይደንግጡ። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ሁሉም እንደዚያው ናቸው፤ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ፣ ጨረቃ ለምን እንደምትከተላቸው ሳይጠይቁ አይውሉም። በአግባቡ ከተያዙ ግን ስምንተኛ ክፍል ሳይደርሱ «ፈተና ላይ ይወጣል?» ከሚለው በቀር ጥያቄ አይኖራቸውም። ብዙ መምህራን እዚህ ውጤት ላይ የሚደርሱት በልምድ ብቻ ነው። ይህ ምክር ያንኑ ሥራ በሳይንስ አስደግፈው ማከናወን ለሚሹ ነው። ሳይንሱም ባህሪያውያን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በፊት የጀመሩት ነው።

አንደኛ፦ ማርኩን ደጅ ያስቀምጡት።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት የተራቡ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ ምግባቸውን ደጅ አኖረ። ድመቲቱ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ትታገላለች፤ በመጨረሻ ሳታስበው መክፈቻውን ትነካና ትወጣለች። ነገሩ በተደጋገመ ቁጥር የሚፈጅባት ጊዜ እያጠረ ሄደ። ቶርንዳይክም ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል ሲል ደመደመ። ልብ ይበሉ፤ ድመቲቱ የተማረችው መውጣትን ነው። ተማሪዎንም «ይህ 10 ማርክ አለው» እያሉ ከመጽሐፉ ጋር ቢዘጉበት አጥብቆ የሚፈልገው መውጫውን ነው። ከመውጫዎች ሁሉ አጭሩ ኩረጃ መሆኑን ለመረዳት ደግሞ የድመቲቱን ያህል አይንገላታም። እጅጌው ውስጥ አጤሬራ ሲያገኙ እንግዲህ አይቆጡ፤ ንድፈ ሐሳቡ በትክክል ሠርቷል።

ሁለተኛ፦ በፍቅር የሚሠራውን በሽልማት ይግዙት።

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆችን መረጡ። ለአንደኛው ቡድን «ከሳላችሁ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፊኬት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ልጆቹ ሳሉ፤ ተሸለሙም። ከቀናት በኋላ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው ባለ ቀለሙ እስክሪብቶ ሲቀርብላቸው ግን በመሳል ያሳለፉት ጊዜ ምንም ካልተሸለሙት ልጆች በግማሽ ያህል አነሰ። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት ተረት እየተዋሰች የምታነብ ልጅ ካለችዎ ዛሬውኑ «መጽሐፍ ያነበበ ደብተር ይሸለማል» ብለው ያውጁ። ታዲያ አዋጁ መቅደም አለበት። በዚያው ጥናት ሽልማቱ በድንገት የመጣላቸው ልጆች ለሥዕል ያላቸው ፍቅር አልቀነሰም፤ ያልተጠበቀ ስጦታ ልፋትዎን ሁሉ ከንቱ ያስቀረዋል።

ሦስተኛ፦ ደረጃ ያውጡ፤ ከሦስተኛ በታች ያለውን ይርሱት።

ባህሪያዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ማጠናከሪያ (ማለትም ሽልማት) ያጣ ባህሪ ቀስ በቀስ እንደሚከስም በአይጦችና በእርግቦች አሳይቷል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በወላጆች በዓል ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን ብቻ ቢሸልሙ የ57ቱን ትጋት በአንድ ከሰዓት ያከስሙታል። ከ52ኛ ወደ 31ኛ ከፍ ያለውን ልጅ አደራ እንዳያመሰግኑት። የቀረውን ሥራ ቤተሰቡ «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ይጨርስልዎታል።

የፈተና ወረቀትም ቶሎ አይመልሱ። የስኪነር እርግብ የሚፈለግባትን ባደረገች ቅጽበት ጥሬዋን ታገኝ ነበር። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1953 የሴት ልጁን የሒሳብ ክፍል ጎብኝቶ፣ ልጆቹ የሠሩት ትክክል ይሁን ስህተት ሳያውቁ እንደሚቆዩ ቢያይ አላስችለው ብሎ መልሱን ወዲያው የሚያሳይ የማስተማሪያ መሣሪያ ወደ መሥራት ገባ። እርስዎ እንዲህ አይቸኩሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ፣ አንዲት ቀይ ቁጥር ብቻ ተጽፋበት ብትመለስ ይበቃል።

አራተኛ፦ «ተቀመጡ!» ይበሉ፤ ደጋግመው ይበሉ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቻርልስ ማድሰንና ባልደረቦቹ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን አጠኑ። መምህራኑ «ተቀመጡ» ማለትን ሲያበዙ ከወንበሩ የሚነሣው ልጅ በዛ፤ በሥርዓት የተቀመጡትን ማመስገን ሲጀምሩ ግን ቀነሰ። ቁጣም ቢሆን ትኩረት ነው፤ ትኩረት የራበው ልጅ አያማርጥም። ስለዚህ የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ለደጋገመው ኤክስ ይጨምርበት። ዓመቱን ሙሉ ስሙን የሚጠራለት ያጣ ልጅ በጉልህ ተጽፎ ሲያየው፣ ነገም እንዲጻፍለት የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ዝም ብለው የሚሠሩትን ግን አይዩአቸው፤ እነሱ ምን ጎደላቸው?

አምስተኛ፦ አርጩሜን ከሒሳብ ጋር ያቆራኙ።

ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ሙከራ፣ አልበርት የተባለ ሕፃን ነጭ አይጥ በነካ ቁጥር ከጀርባው ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሕፃኑ አይጧን ፈራ፤ ፍርሃቱም ወደ ጥንቸልና ፀጉራም ወደሆኑ ሌሎች ነገሮች ተዛመተ። እርስዎም የማባዛት ሠንጠረዥን በኩርኩም ቢያስጠኑ ትርፉ በሒሳብ አያበቃም፤ ወደ ፊዚክስና ወደ ኬሚስትሪ ይሻገራል። ስኪነር ራሱ ቅጣት ባህሪን ለጊዜው ያፍነው እንደሆን እንጂ አያጠፋውም እያለ ይከራከር ነበር፤ አይስሙት። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተቆጣጣሪ ከመጣ እንግዲህ አርጩሜዋን «የሰሌዳ መጠቆሚያ» ይበሏት።

ብርቱ ጥንቃቄ፦ የሚከተሉትን ካደረጉ መማር ሊያገረሽ ይችላል። የፈተና ወረቀትን በማግስቱ መመለስና የተሳሳተውን እንደገና ማሠራት። «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ ልጁ ጎበዝ የተባለበትን ነገር ለይቶ መንገር። ልጁን ከጎረቤቱ ሳይሆን ከአምናው ራሱ ጋር ማወዳደር። ሽልማትን ጭራሽ የማይወደውን ሥራ ለማስጀመር ብቻ መጠቀም፣ ልጁ ሥራውን ሲለምድም ቀስ እያሉ መቀነስ። እነዚህም ከዚያው ከባህሪያውያኑ ሰፈር የወጡ ስለሆኑ በስህተት እንዳይተገብሯቸው ይጠንቀቁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጆሮዎ ልንገርዎ። ሲጮሁ ክፍሉ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ይል የለ? ያቺ ጸጥታ የእርስዎ ጥሬ ናት። ባገኟት ቁጥር ነገም ይጮሃሉ፤ ጸጥታዋ እያጠረች በሄደች መጠን ጩኸትዎ ይረዝማል። ተማሪዎችዎ የቶርንዳይክን ስም ሰምተው ባያውቁም 60 ሆነው ሲያለማምዱዎት ከርመዋል፤ እርስዎም፣ ምስጋና ይገባዎታል፣ ቶሎ የሚገባዎት ተማሪ ነዎት።

በመጨረሻም፣ ይህን ምክር በተግባር ላዋለ መምህር ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፊኬት ልናዘጋጅ አስበን ነበር። ለሥራው ያለዎትን ፍቅር እንዳናጠፋብዎ ብለን ተውነው።