ጠጠሩን ማን አወጣው?

የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ሐኪም አያጣም። አንዱ «ገብስ ቀቅለህ ጠጣ» ይለዋል፤ ሌላው «ቢራ ገፍቶ ያወጣዋል» ብሎ ግሮሰሪ ይወስደዋል፤ ሒሳቡን ግን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። እኔን የያዘኝ ገብስ መካሪውም ቢራ ጋባዡም በሌሉበት አገር፣ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ነው።

ሻዎቤይ የሚባለው ሰፈር የአፍሪካ ነጋዴ የሚርመሰመስበት ነው። ሰው ከፎቅ ፎቅ፣ ከሱቅ ሱቅ ሲሮጥ ያልበዋል እንጂ ውሃ መጠጣት ትዝ አይለውም። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ሽንት ይወፍራል፤ ካልሲየምና ኦክሳሌት በውስጡ እየተያያዙ ይጠጥራሉ። በጫማ ዋጋ ስከራከር ድንገት ጎኔን ወጋኝ። ሻጩ የጠራው ዋጋ መስሎኝ ነበር። ሕመሙ ወደ ብሽሽቴ ሲወርድ ካርቶኑ ላይ ተደፋሁ። ሻጩ የመከራከሪያ ዘዴ መስሎት ዋጋውን ቀነሰ።

አስተርጓሚዬ፣ እዚያው የሚማር የደሴ ልጅ፣ ሆስፒታል ወሰደኝ። አልትራሳውንዱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠጠር አሳየ። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝና «ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ያለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ ውሃ ጠጣ፣ ጠብቅ» አለኝ። «ጠብቅ» የሚባል መድኃኒት ለነጋዴ አይዋጥለትም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ደግሞ እጄን ይዞ ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ መሳቢያ ወደሆነ የቅጠል መድኃኒት ቤት አስገባኝ።

ሽማግሌው በሦስት ጣት የልብ ትርታዬን አዳመጡ፣ ምላሴን አዩ፣ ከዚያ ይመዝኑ ጀመር። ጂን ቺየን ጻዎ የሚባል ክብ ቅጠል ያለው ሐረግ፣ ሃይ ጂን ሻ የሚባል ቡናማ ዱቄት፣ ሦስተኛው ጂ ኔይ ጂን። ቻይናዎቹ አንድ ላይ «ሦስቱ ወርቆች» ይሏቸዋል። ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣» አለ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስተኛው የዶሮ ነው።»

«የዶሮ ምኑ?»

«ጨጓራዋ ውስጥ ያለው ቢጫ ሽፋን።»

እናቶቻችን ልጠው የሚጥሉት! ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ለመድኃኒት ከሆነ ጠጣው፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ወጥ እንዳታደርገው ብቻ።»

መድኃኒቱ በሸክላ ድስት እንጂ በብረት አይፈላም ተብያለሁና ክፍሌ ውስጥ ጣድኩት። ሽታው ኮሪደሩን አልፎ እንግዳ መቀበያው ደረሰ። ጥበቃዎቹ እሳት ማጥፊያ ይዘው ገቡ። አንደኛው ድስቱን ከፍቶ አሸተተና ውሃው አንሷል ብሎ ጨመረበት።

ጠጠሯ ወጣች። ማን እንዳወጣት ግን ክርክሩ አላለቀም። የማረፊያው ባለቤት ቅጠሉን አመሰገነ፣ ልጁ ሐኪሙን፣ ንስሐ አባቴ ጸሎቱን። ከመድኃኒቱ ጋር በየቀኑ የጠጣሁትን ያን ሁሉ ውሃ ያመሰገነ አንድ ሰው አልተገኘም።

ወሬው አዲስ አበባ ከእኔ ቀድሞ ገባ። ስልኬ ይጮህ ጀመር። «ያንን ቅጠል ይዘህልን ና!» አንዱ እግሩ ያበጠበት ነው፤ ሌላው ኩላሊቱ ደክሟል የተባለ፤ አንዷ ደግሞ ለመክሳት ፈልጋ።

የመጨረሻዋን ስሰማ ብራስልስ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 እዚያ በአንድ የማክሲያ ክሊኒክ የቻይና ቅጠል የተቀላቀለበት እንክብል ለሴቶች ይሰጥ ነበር። ፋንግ ጂ በሚል ስም የሚሸጡ የተለያዩ ተክሎች ስላሉ፣ በታሰበው ፈንታ አሪስቶሎኪያ የተባለው ዘር ገባበት። ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ለእጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ሥራ ያቆመ ኩላሊታቸውን ካስወጡ 39 ሕሙማን መካከል በ18ቱ ላይ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ተገኘ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ጓን ሙ ቶንግ የሚባለው የዚሁ ዘር ሐረግ ቻይና ውስጥ ይሰጥ የነበረው ሽንት ለሚያቃጥለው ሰው ነው። ሽንት ይከፍታል የተባለው ኩላሊት ይዘጋ ነበር። የቻይና መንግሥት የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ይህን ስል የቻይናን ቅጠል ሁሉ መርዝ ማለቴ አይደለም። ለወባ የምንውጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና ቅጠል ነው፤ ቱ ዮዮ የተባሉት ተመራማሪ በዚያው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እሳቸው ግን ፍቱኑን ነገር ከቅጠሉ ነጥለው አወጡት፣ መጠኑን ለኩት፣ መጀመሪያ ራሳቸው ላይ ሞከሩት። «ከዘመድ የመጣ ነው» ብለው በፌስታል አልላኩትም።

ስለዚህ ለደወላችሁልኝ ሁሉ መልሴ ይኸው፤ ምንም አላመጣሁም። ጎኑን የወጋው አልትራሳውንድ ይነሣ፤ ትልቅ ጠጠር፣ ትኩሳት ወይም የሽንት መዘጋት ካለ ቅጠል እያፈላ ቀን አይግፋ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውሃ እንኳ የሚጠጣው ሐኪሙ በነገረው ልክ ነው፤ እንኳን ስሙን የማያውቀውን ቅጠል። የቻይናም ይሁን የእኛ፣ ሻጩ ምን እንደሆነ በትክክል ሊነግራችሁ ያልቻለውን አትጠጡ። ኩላሊት አብዛኛው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ አያማርርም።