ውዳሴ ለዝርዝር ወረቀት

የአዲስ ዓመት መባቻ በተቃረበ ቁጥር፣ በቦሌ ቡልቡላ ያለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት፣ ክፍያውን አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ፣ ለወላጆች የሚያድለው የመማሪያ ቁሳቁስ ዝርዝር፣ በእውነቱ ምስጋና እንጂ ሐሜት አይገባውም። ገና ሀን ከለ ያልለየ የአራት ዓመት ሕፃን ሁለት ደስጣ ወረቀት፣ አንድ እሽግ ሶፍት፣ ፈሳሽ ሳሙናና የነጭ ሰሌዳ ማርከር ተሸክሞ ሲገባ የሚያይ ሁሉ፣ ስለ ዕውቀት ጥማቱ ፈጣሪን ሊያመሰግን ይገባል። የጥንቱ የቆሎ ተማሪ በለምዱና በአኩፋዳው ብቻ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር መዞሩ፣ ምናልባት ለየኔታ ይህ የዝርዝር ጥበብ ስላልተገለጸላቸው ይሆናል። የከተማው አስተዳደርም በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ በነፃ ማደል ሲጀምር፣ ምስኪን ወላጆችን ከምን ያህል በረከት እንዳራቃቸው አላስተዋለም።

ይህ ሠናይ ሥርዓት ከጸና፣ ለከርሞ አንድ ዴስክ፣ ለቀጣዩ ዓመት ሁለት ቆርቆሮ ከነምስማሩ፣ ከዚያም በየተራ አንድ አንድ መምህር ከነምሳው ይዞ መምጣት ግዴታ ይሆንና፣ ትምህርት ቤቱ ከዓለማዊ ጣጣ ሁሉ ተላቆ፣ እንደ ባሕታዊ በማኅተሙና በደረሰኙ ብቻ ይኖራል፤ የወር ክፍያው ግን፣ የጥራት ጉዳይ ስለሆነ፣ አይቀንስም።